የሐሩ ተራራና የሠርጉ መብራት

እናት ሆነሽ ላሳደግሽኝ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ ሙሉወርቅ፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ባለፈው የቤቱን ደረጃ መውጣት አቃተኝ ብለሽኝ ነበርና፣ አሁን በዐቢይ ጾም በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን ስትመላለሺ እንዳይብስብሽ እሰጋለሁ። ባልሽን፣ ጋሼ ወልደየሱስንስ ያ የክረምቱ ሳል ለቀቃቸው ወይ? ልጅሽ ሔራን ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ፊልሞንስ አሁንም ጫማውን በር ላይ ወርውሮ ነው የሚገባው? የደሴ ብርድ ዘንድሮ ከብዷል ሲሉ ሰምቼ ያ የላክሁልሽ ወፍራም ሹራብ ትዝ አለኝ፤ ለሰው እንዳልሰጠሽው ተስፋ አለኝ፣ ሰጥተሽዋልም ብዬ እገምታለሁ።

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ የምልሽ ለወጉ አይደለም፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ በሰው ፊት ቀና ብዬ እሄዳለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ እናንተ ዘንድ የደረሰው ወሬ ሌላ እንደሆነ ስለሰማሁ ነው።

በስልክ ላስረዳሽ ሞክሬ ነበር። ገና አፌን ሳልከፍት «አንቺ ወጪት ሰባሪ» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ደግሜ ብደውል ጋሼ ወልደየሱስ አንስተው «ደም ግፊቷ ተነሥቷል፣ ለጊዜው ተያት» አሉኝ። ተውኩሽ። ከዚያ በኋላ ነው እኔ ሳላውቅ ለአክስታችን ልጅ ለዮኤል ደውለሽ «እህቴ ጥፋቷን አምናለች፣ ስለ እሷ እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ማለትሽን የሰማሁት። እትዬ፣ አላመንኩም። ጥፋት የለብኝምና የማምነው ነገር የለም። ሥራ ከማጣቴም፣ ከዮኤል ኩርፊያም፣ ከሁሉም በላይ ያመመኝ ከእኔ አፍ ያልወጣ ይቅርታ በአንቺ አፍ መውጣቱ ነው።

ስለዚህ የዮኤል ሚስት ሰርካዲስ ለፋሲካ ወደ አገር ቤት ስለምትመጣ ይህን ደብዳቤ በእጇ ልኬልሻለሁ። አዎ፣ የዮኤል ሚስት። እንዴት እሺ እንዳለችኝ ስታነቢ ትደርሺበታለሽ። ወረቀት እንደ ስልክ ጆሮ ላይ አይዘጋም፤ ብትናደጂ ወርውረሽው ትሄጃለሽ፣ ንዴትሽ ሲበርድ መልሰሽ ታነሺዋለሽ። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ሥራዬ ምን እንደነበር በደንብ አጫውቼሽ አላውቅም። «ጥበቃ ነኝ» ስልሽ ዱላ ይዤ በር ላይ የምቆም መስሎሽ አልቅሰሽ ነበር። አንድ ሀብታም ቤተሰብ ያቋቋመው፣ እዚህ ኮሎምበስ፣ ቤክስሊ ከሚባለው ሰፈር ብዙም የማይርቅ ትንሽ ሙዚየም ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ስሙን አንስቼ ለመክሰስ አይደለም የምጽፍልሽ። የዮኤል የጽዳት ድርጅት ያንን ሕንፃ ያጸዳ ስለነበር ሰው እንደሚፈልጉ ሰምቶ ያስገባኝ እሱ ነው። ይህን ውለታውን ዛሬም አልክድም። ያኔ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ስሸከም ወገቤ ተቆርጦ ነበር። እዚህ ጥቁር ኮትና ሱሪ ለብሼ፣ ወገቤ ላይ ሬዲዮ አንጠልጥዬ፣ ሰው ሥዕል እንዳይነካ፣ ልጅ እንዳይሮጥ፣ ውሃ የያዘ እንዳይገባ ማየት ብቻ ነበር ሥራዬ።

ባለፈው ኅዳር አንድ ሥዕል በውሰት መጣና እኔ እሱ የተሰቀለበት ክፍል ተመደብኩ። የጥንት የቻይና ሥዕል ነው፤ ሺህ ዓመት ገደማ ይሆነዋል ይላሉ። በወረቀት ወይም በሸራ ላይ ሳይሆን በሐር ላይ ነው የተሣለው። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፣ ስፋቱ ግን ጠበብ ያለ ነው፤ ከላይና ከታች በትር አለው፣ ሲፈልጉ ይጠቀለላል፣ ሲፈልጉ ይንጠለጠላል። ሐሩ ከዕድሜ ብዛት ጠቁሮ የሻይ መልክ ይዟል። የተሣለው ደግሞ ተራራ ነው። ቅዱስ የለበት፣ ንጉሥ የለበት፣ ጦርነት የለበት፤ ተራራ ብቻ።

ክፍሉን አውቀው ጨለም ያደርጉታል። ጎብኚው ከብርሃን ሲገባ ምንም አይታየውም። «ምንም የለበትም እኮ» ይባባሉና ውልቅ ይላሉ። እኔ ልውጣ ብልስ ወዴት? ሺፍቴ እዚያ ነው። እያደር ዓይኔ ጨለማውን ለመደው። መጀመሪያ ትልቁ ገደል ታየኝ፣ ግንባሩን ወደ እኔ አስግጎ። ከዚያ ከገደሉ ስንጥቅ ውስጥ እንደ ክር የሚወርድ ፏፏቴ አየሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከዛፎቹ መሃል ብቅ ያለ የገዳም ጣሪያ። ከሁሉ በኋላ፣ ከታች፣ ጥፍር የማያህሉ ሰዎች አህያ እየነዱ ድልድይ ሲሻገሩ አየሁ። አንደኛዋ አህያ እግሯን ተክላ አልሻገርም ብላለች፤ ነጂው ከኋላዋ ሆኖ በሁለት እጁ ይገፋታል። እትዬ፣ ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅሁ። ሺህ ዓመት ሙሉ እንቢ ያለች አህያ!

ሥዕሉን ይዛ የመጣችው ሊን የምትባል ሴት ናት። ወላጆቿ ከቻይና የመጡ ናቸው፣ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። የሥዕሉ ባለቤቶች በሌላ ከተማ የሚኖሩ ቤተሰብ ሲሆኑ እሷ ሥዕላቸውን የምትጠግንና የምትንከባከብ ባለሙያ ናት። በየጊዜው እየመጣች በትንሽ ባትሪ ሐሩን ስትመረምር ከጀርባዋ እቆም ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ «ይቺ አህያ እንቢ ብላ ነው አይደል?» ብዬ ጠየቅኋት። ሊን ከት ብላ ሳቀች፣ ወንበር ስባም አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመጣች ቁጥር አንድ ነገር ሳታስተምረኝ አትሄድም ነበር።

ሠዓሊው መጀመሪያ ሐሩን በእንጨት ላይ ወጥሮ ሙጫ ይቀባዋል አለችኝ፤ ያለዚያ ቀለሙ እንደ ፈሰሰ ዘይት ይሰራጫል። ከዚያ በኋላ ብሩሹ ያረፈበት ቦታ አይፋቅም፣ አይታጠብም። ሐር ላይ የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን ይዞ ይቀጥላል እንጂ መመለሻ የለውም። የተራራውን ወገብ የሚቆርጠውን ጉም አሳየኋትና በምን ቀለም እንደሣለው ጠየቅኋት። «በምንም» አለችኝ፤ «እዚያ ጋ እጁን አላሳረፈም። ባዶ ሐር ነው።» የደሴን ተራራ፣ ጦሳን፣ ጉም ሲውጠው እያየሁ ላደግሁት ለእኔ ይህን ማስረዳት አላስፈለጋትም። ሰውዬው ጉም የሚያውቅ ሰው ነው። በዚያ ዘመን አንዱ መንግሥት ሌላውን እየገለበጠ አገሩ ታምሶ ስለነበር፣ ከሠዓሊዎቹ አንዳንዶቹ «ለዚህኛው ቤተ መንግሥትም ለዚያኛውም አላገለግልም» ብለው ተራራ ገብተው እንደኖሩ አጫወተችኝ። ይህን ሥዕል ማን እንደሣለው ግን አይታወቅም።

ደጋግማ የነገረችኝ ነገር ደግሞ ሐርን የሚገድለው ብርሃን መሆኑን ነው። ብርሃን እየበላው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተሰባሪ ያደርገዋል። አጥንት ቢሰበር ይጠገናል፣ ብርሃን የበላው ሐር ግን አያገግምም። ክፍሉ የሚጨልመው ለዚህ ነው። ጥቂት ጊዜ ታይቶ ለዓመታት ሣጥን ውስጥ እንዲያርፍ የሚደረገውም ለዚህ ነው። ሥራ ስንጀምርም የጥበቃዎቹ አለቃ ሊዮን፣ ግዙፍ፣ ድምፁ ለስላሳ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ ሰብስቦን «በዚህ ክፍል መብራት የሚጨምር ሰው ካያችሁ፣ እኔም ብሆን አስቁሙኝ» ብሎን ነበር።

ጥር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሙዚየሙ ለሕዝብ ከተዘጋ በኋላ ሠርገኞች መጡ። ለሙዚየሙ ብዙ የሚረዳ ሰው ልጁን ይድር ነበርና ፎቶ እንዲነሡ ተፈቅዶላቸዋል። ውጭው በረዶ ነው። ሙሽራዋ ነጭ ቬሎዋን ሰብስባ፣ ትከሻዋ በብርድ ተሸማቅቆ ገባች። እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት፣ አመሰገነችኝ። ፎቶ አንሺው ግን ካሜራውን አይቶ ፊቱን አኮሳተረ። «ጀርባው ጥቁር ሆነብኝ» አለ። ወጣ ብሎ በረጃጅም እግር የቆሙ ሁለት ትልልቅ መብራቶች ይዞ ተመለሰና ፊታቸውን ወደ ተራራው አዞራቸው።

እዚህ ክፍል መብራት አይፈቀድም አልኩት። ከዳይሬክተሯ ጋር ተነጋግረናል አለኝ። ሊዮንን በሬዲዮ ጠራሁት። ከሬዲዮው «ፀደይ፣ ተያቸው፣ ከላይ ተፈቅዷል» የሚል ድምፅ መጣ። ይህን ገና እየሰማሁ መብራቶቹ በሩ።

አልዋሽሽም እትዬ፣ ውብ ነበር። ስንት ጊዜ ያየሁት ተራራ ያኔ ገና ሙሉ ሆኖ ታየኝ። በድንጋይ ዱቄት የተቀባው ሰማያዊና አረንጓዴ ከሐሩ ውስጥ ብልጭ አለ፤ የማላውቃቸው ዛፎች፣ የማላውቀው ቀጭን መንገድ ታየኝ። ትንሽ ልየው ብላ ነፍሴ ተመኘች። ግን እያየሁት እየተበላ መሆኑን አውቃለሁ። ሄጄ በመብራቱና በሥዕሉ መካከል ቆምኩ። ኮቴን በሁለት እጄ ከፍቼ ዘረጋሁት። ጥላዬ ተራራው ላይ አረፈ።

ፎቶ አንሺው ጮኸ። የሙሽራዋ አባት «ይህቺን ሴት ከዚህ አውጡልኝ» አለ። ሙሽራዋ ጠጋ ብላ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ ነገርኳት። መብራቱን አየች፣ አባቷን አየች፣ ዓይኗን ሰበረች። ክፉ ልጅ አልነበረችም፣ በሠርጓ ቀን አባቷን ማሳፈር ከብዷት ነው። እኔ ግን ያን ቀን የማሳፍረው አባት አልነበረኝም። ሊዮን እየሮጠ መጣ። «ፀደይ፣ እባክሽ» አለኝ። «እኔም ብሆን አስቁሙኝ ብለኸን ነበር» አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። እንደዚያም ሆኖ ክንዴን ይዞ አወጣኝና በሩን ከኋላዬ ዘጋው። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ በበሩ ሥር የሚወጣውን ብርሃን አየሁ። አልጠፋም። ሠርገኛው እስኪጠግብ ፎቶ ተነሣ።

በሚቀጥለው ሳምንት «ለእንግዳ ክብር አልሰጠሽም» ተብዬ ከሥራ ታገድኩ። ያኔ ዮኤል ደወለልኝና «ይቅርታ ብለሽ ተመለሺ፣ አለቀ» አለኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ከሆነ ለድምፄ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ለመቆሜ ግን አልጠይቅም አልኩት። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ምናልባት ይህን ያህል ባልተካረረ ነበር።

ኋላ ፎቶ አንሺው ሥራውን ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ሙሽሮቹ እየሳቁ፣ ከኋላቸው ተራራው እንደ ቀትር ፀሐይ በርቶ። ሊን ዘንድ ደረሰ። ሊንም ባለቤቶቹም ምን እንደተፈጠረ ጠየቁ። ሙዚየሙ ምን ብሎ መለሰ መሰለሽ? መብራት አልበራም፣ ፎቶውን በኮምፒውተር ነው ያደመቁት። ሊንም መጥታ ራሴ አነጋግራለሁ አለች።

ያኔ ዳይሬክተሯ አስጠራችኝ። ሻይ አቀረበችልኝ። ሊዮን ጥግ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። ሊን ስትጠይቀኝ መብራቶቹ ቆመው ነበር እንጂ አልበሩም እንድል፣ ከዚያ ወደ ሥራዬ እንድመለስ፣ እንደውም ሱፐርቫይዘር እንድሆን ነገረችኝ። «ለአንቺም ለቤተሰብሽም ይበጃል» አለችኝ። ቤተሰብ ስትል ሕንፃውን የሚያጸዳው ዮኤል እንደሆነ ገባኝ። ሻዩን ሳልነካው ተነሣሁ። በሩን ስትዘጉብኝ ከሥሩ ብርሃን ይወጣ ነበር ብያት ሄድኩ።

ቤት ስደርስ አብራኝ የምትኖረው ፍርዶስ ከሺፍት ገብታ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ነበር። የቦሩ ሜዳ ልጅ ናት፣ የአገራችን ሰው፤ እንደ እህት ነን፣ እኔ ስጾም ለእኔ የጾም ትሠራለች፣ እሷ ስትጾም ለማፍጠሪያዋ ሾርባ እጥዳለሁ። ነገርኳት። «የቤት ኪራዩን እንዴትም እንችለዋለን» አለችኝ፤ «በሐሰት መስክረሽ መጥተሽ ግን እዚህ ቤት ውስጥ ፊትሽን ማየት አልፈልግም።» እንዲህ ናት ፍርዶስ።

ዮኤል ግን ቤቱ ጠራኝ። ብሌንደን ታውንሺፕ በሚባለው ሰፈር ያለውን ቤቱን በፎቶ አይተሽዋል። እዚህ ያለውን የአገራችንን ሰው ሁሉ የሚያስታርቁት ጋሼ አሥራት ሶፋው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ሽምግልና መሆኑ ነው። ዮኤልን አልወቅሰውም ብዬ ነበር የሄድኩት። በሱዳን በረሃ በእግሩ ተጉዞ፣ ካምፕ ኖሮ፣ እዚህ መጥቶ ባልዲ ተሸክሞ ነው ያን ድርጅት ያቆመው። ሠራተኞች አሉት፣ የሠራተኞቹም ልጆች አሉ። ይህን ሁሉ ነገረኝ፣ እውነቱን ነው። ከዚያ «ለአንድ አሮጌ የቻይና ጨርቅ ብለሽ የሰው እንጀራ ትዘጊያለሽ?» አለኝ።

ጉዳዩ የጨርቅ አይደለም፣ የዓይኔ ነው አልኩት። ያየሁትን አላየሁም ብዬ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ ልማልልህ?

ጋሼ አሥራት ለስለስ ብለው «ልጄ፣ ዝም ማለት እኮ ውሸት አይደለም» አሉኝ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ዝም በይ ቢሉኝ ኖሮ ምናልባት እፈተን ነበር። እነሱ ግን ተናገሪ ነው የሚሉኝ።»

ጋሼ አሥራት ወደ ዮኤል ዞሩ። ይሄኔ ነው ሰርካዲስ ከወጥ ቤት እጇን እየጠረገች የወጣችው። «ዮኤል፣ ያን ቅዳሜ ሕንፃውን ያጸዳኸው አንተ ራስህ አይደለህ?» አለችው። «የመብራት ገመድ ጠልፎ ሊጥለኝ ነበር፣ መብራቱን ለማንሣት ብሞክር አቃጠለኝ ብለህ እጅህን ያሳየኸኝ ያን ቀን አይደለም?»

ዮኤል እጁን ጠረጴዛ ሥር አስገባ። እንግዲህ እሱም ያውቅ ነበር ማለት ነው። ከወጣሁ በኋላ እኔ ያየሁት በበሩ ሥር ያለውን ብርሃን ብቻ ነበር፣ እሱ የጋለውን መብራት በእጁ ነክቶታል። ጋሼ አሥራት ባርኔጣቸውን አነሡና «እኔ ለሽምግልና እንጂ ለዚህ አልተጠራሁም» ብለው ወጡ። ዮኤል ግን ከማፈር ይልቅ ተቆጣ። «ከዚህ ቤት ውጪ፣ እኔም ዘመድ የለኝም፣ አንቺም የለሽ» አለኝ። ሰርካዲስ በር ድረስ ሸኘችኝ፤ ስንሳሳም ጉንጯ እርጥብ ነበር። ይሄ ክፍል አንቺ ዘንድ እንዳልደረሰ አውቃለሁ። ዮኤል ሲደውልልሽ ይህን ዘልሎታል።

ሊን የካቲት ላይ መጣች። ዳይሬክተሯ፣ አንድ የሙዚየሙ ጠበቃ፣ ሊዮንና እኔ ባለንበት ያየሁትን እንድናገር ጠየቀችኝ። አስተርጓሚ እናምጣልሽ አሉኝ፣ አልፈልግም አልኩ። እንግሊዝኛዬ ይሰበር እንጂ የእኔ ይሁን። መብራቶቹ በርተው ነበር፣ ፊታቸው ላይ ቆሜ ነበር፣ አስወጡኝ፣ ከወጣሁም በኋላ ብዙ በርተው ቆይተዋል አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም። ጠበቃው ጨለማ ስለነበር ተሳስተሽ ይሆናል አለኝ። ጨለማ ቢሆንማ ኖሮ ባልተጣላን ነበር አልኩት። ሊን ወደ ሊዮን ዞረች። ሊዮን ወለሉን እያየ «በርተው ነበር። እኔ ነኝ ያወጣኋት» አለ። የሱን አልጠበቅሁም ነበር። ሲናገር አላየኝም፣ እኔ ግን አየሁት፣ ያን ትልቅ ሰው።

ሐሩ ምን ያህል ተጎዳ ብትዪኝ ማንም አያውቅም። ሊን በመነጽሯ ስትመረምረው ዋለችና ብርሃን የሠራው ዛሬ በዓይን አይታይም፣ ከዓመታት በኋላ እኛ በሌለንበት ነው የሚታየው አለችን። ቢሆንም ሥዕሉ ከጊዜው በፊት ይመለስ አለች። ሲወርድ ደግሞ «ይህቺ ሴት እዚህ ካልቆመች አልጠቀልለውም» አለች። እኔ ያኔ ሠራተኛ አልነበርኩም፤ በራሴ ቀይ ሹራብ፣ በበረዶ ጫማዬ ገባሁ። የጥበቃ ኮት ሳልለብስ በዚያ ክፍል የቆምኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሥዕሉ የሚጠቀለለው ከታች ወደ ላይ ነው። ሊን በአንድ በኩል፣ ረዳቷ በሌላ በኩል ሆነው የታችኛውን በትር ቀስ እያደረጉ አዞሩት። መጀመሪያ ድልድዩና መንገደኞቹ ገቡ። ከዚያ ዛፎቹ፣ የገዳሙ ጣሪያ፣ ፏፏቴው። ጉሙ ጋ ሲደርሱ ሊን ትንሽ አረፈች፤ ባዶው ሐር ለብቻው ቀረ። በመጨረሻ የገደሉ ግንባር ገባ። ውፍረቱ ክንድ የሚያህል አንድ ጥቅል ብቻ ቀረ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስተኛችው። አላለቀስኩም። ደስ አለኝ ብል ይሻላል። ጨለማ ውስጥ ገባ፣ እዚያ ማንም አያገኘውም።

እንግዲህ የመጣውን ሁሉ ልንገርሽ። እኔን ከሥራ አሰናበቱኝ። የዮኤልንም ውል ሲያልቅ አናድስም አሉት። ይህን ሰምተሽ ነው ወጪት ሰባሪ ያልሽኝ። ወጪቱን የሰበርኩት እኔ አይደለሁም እትዬ። ሌላ ሰው ሰብሮ ስብርባሪውን በእጄ ሊያስይዘኝ ሲል እጄን ሰበሰብኩ። ዮኤል ስለተጎዳ አዝናለሁ፣ ከልቤ አዝናለሁ። የጎዳሁት ግን እኔ ነኝ በይ ብትዪኝ አልልም። በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን፣ ፊቱን ያዞርብኛል፣ እኔ ሰላም እለዋለሁ። መልስ እስኪሰጠኝ ድረስ እለዋለሁ። በቀደም ሰርካዲስ ሞርስ መንገድ ወዳለው አፓርትመንታችን መጥታ ስለ ደብዳቤው ስንነጋገር፣ ዮኤል ደብዳቤ ይዛልኝ እንደምትሄድ ሰምቶ ዝም እንዳለ ነገረችኝ። ዮኤልን ታውቂዋለሽ፣ ሲያምንበት ነው ዝም የሚለው።

እኔ ወደ መጋዘን ሥራ ተመልሻለሁ፣ ከፍርዶስ ጋር። ወገቤ እንደ ድሮው ያመኛል፣ ሌሊት በትኩስ ፎጣ ታሽልኛለች። አንድ ሌላ ሙዚየም ጥበቃ ፈልጎ አመልክቼ ነበር። ከቀድሞው ቦታ ለምን እንደለቀቅሁ ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው። አልደወሉልኝም። የሚቀጥለውም ከጠየቀኝ ያንኑ እነግረዋለሁ።

ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ለዮኤል ደውዪና በእኔ ስም የጠየቅሽውን ይቅርታ መልሺ። እንዴት ይመለሳል ትዪ ይሆናል። «እህቴ ጥፋቷን አላመነችም፣ እኔ ነኝ ያልኩት» በይው፣ በቃ። ስለ ራስሽ ይቅርታ መጠየቅ ከፈለግሽ ጠይቂ፣ እሱ የአንቺ ነው። እኔን ግን አታግቢበት። አሳዳጊዬ ነሽና ልትቆጪኝ ትችያለሽ፣ ልትመቺኝ ትችያለሽ፤ በእኔ ፈንታ ጥፋት ማመን ግን አትችዪም። በሕፃንነቴ የሰበርኩትን ማሰሮ እንኳ «ማን ሰበረው?» ስትዪ ራሴ እስክናገር ድረስ የምትጠብቂው አንቺ ነበርሽ። እንዲህ አድርገሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፣ ዛሬ ደርሰሽ አትደንግጪ።

ጋሼ ወልደየሱስን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ስልኩን አንስተው ለእኔ በለሰለሰ ድምፅ መናገራቸውን አልረሳሁትም። ለፊልሞን የላክሁትን የስፖርት ጫማ ሰርካዲስ ታደርስልሻለች፣ ውጭ ከጣለው ግን ለጎረቤት ልጅ ስጪው። ጎረቤታችንን እትዬ ዓለምወርቅን ቤታቸው ድረስ ሄደሽ ሰላም በይልኝ፣ የዓይናቸው ቀዶ ጥገና እንዴት እንደሆነላቸው ጻፊልኝ። የግቢውን ሰው ሁሉ፣ ከበር እስከ ጓሮ፣ በስሙ እየጠራሽ ሰላም በይልኝ። ፍርዶስም እናቷን ቦሩ ሜዳ ሄዳችሁ እንድትጠይቁላት ትለምናለች፣ ሰላምታዋም ይድረስሽ። እመቤታችን በጾሙ ጉልበትሽን ታጽናልሽ፣ ለትንሣኤው በሰላም ታድርስሽ።

ሔራንን ደግሞ «እንደ አክስትሽ እንዳትሆኚ» እያልሽ ትቆጫታለሽ ሲሉ ሰማሁ። ትሁን።

ልጅሽም እህትሽም፣
ፀደይ

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.